ቤንዚኑ የት ገባ?

ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮው» ይለዋል። መካኒክ ነው፤ ኮፈን ሳይከፍት መኪናዋ አጠገብ ቆሞ ሞተሯን እያዳመጠ ሕመሟን ይናገራል። ታዲያ እንዲህ ያለው ሰው፣ ሃያ ሦስት ዓመት ቱታ ለብሶ አንድ ቀን «ተሳስተሃል» ተብሎ የማያውቀው ሰውዬ፣ የዚያን ዕለት ከእህቱ ባል፣ ከባለታክሲው አፍ ምን እንደሰማ ስሙልኝማ።

«አንተ ጆሮ፣ ምን አድርገህ ነው የሰጠኸኝ? ሰርቪስ ከገባች ወዲህ ቤንዚን እንደ ውሃ ትጠጣለች! ሰኞ ሞልቼ እስከ እሁድ ታደርሰኝ ነበር፤ አሁን ዓርብ ላይ ደርቃ ቁጭ። መንገዱ ያው፣ ደንበኞቼ ያው!»

ባለታክሲው በዕድሜ ስለሚበልጠው «ጋሼ» ነው የሚለው። «ግድ የለም ጋሼ፣ ተዋትና ሂድ፤ አያታለሁ» አለ። ይህን ሲል ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ውስጡ ግን ፈርቷል።

ለምን አትሉም? እህቱ፣ የባለታክሲው ሚስት ማለት ነው፣ ከሞተች አምስት ሳምንቷ ነው። ያንን ሰርቪስ የሠራው በተቀበረች በአምስተኛው ቀን ነው። ቤት ቢቀመጥ የሚይዝ የሚጨብጠው ቢጠፋው ጋራዥ መጣ፣ ቁልፍ አነሣ፣ ሠራ። ዘይት መቀየሩን እንኳ ያወቀው ባዶውን የዘይት ጣሳ ጥግ ላይ ሲያይ ነው። ካንዴላዎቹን ማን አጠበቃቸው? ፍሬኑን ማን አስተካከለው? ወይ ጉድ፣ አንዲት ነገር አያስታውስም! አላለቀሰም፣ አልጮኸም፤ ደንዝዞ ነው የከረመው። ምግብ ሲያቀርቡለት ይበላል፤ ሲያናግሩት ይመልሳል፤ አለቀ። ዛሬ ቤንዚን ነው፤ ነገ ያልጠበቀ የጎማ ብሎን ቢሆንና ሰው ቢጨርስስ? እናም ከራሱ ጋር ተማከረና ቆረጠ። ጥፋቱ የእጁ ሆኖ ከተገኘ ቱታውን ይሰቅላል።

ሥራውን ከጎማው ጀመረ። ነፋሱን ለካ፤ ልክ ነው። ፍሬን ይዟት ይሆናል ብሎ በክሪክ አነሣትና አራቱንም ጎማ በየተራ በእጁ አሽከረከረ፤ ምንም ሳይዛቸው ዞሩ። የአየር ማጣሪያውን አወጣ፤ ንጹሕ። ካንዴላዎቹን ፈታ፤ ጥቀርሻ ቢለብሱ ኖሮ ቤንዚን በዝቶባታል ይል ነበር፣ እነሱ እቴ፣ ደረቅ ቡናማ ናቸው። ከሥር ገብቶ የቤንዚን ቱቦውን በጣቱ ዳሰሰ፤ ጠብታ የለም። ዘይቱ ወፍራም ሆኖ ሞተሩን አክብዶት እንደሆነ ብሎ ያንኑ ባዶ ጣሳ አንሥቶ አነበበ፤ ትክክለኛው ዘይት ነው። በመጨረሻ አስነሣትና ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። አንድም የተዛባ ድምፅ የላትም።

ሌላ ሰው ቢሆን እፎይ ይል ነበር። እሱ ጭራሽ ባሰበት፤ ጥፋቱን እጁ ብቻ ሳይሆን ጆሮውም ስቶት ቢሆንስ?

በማግስቱ ታክሲዋ ውስጥ ከፊት ተቀምጦ ዋለ። የአማቹ አነዳድ እንከን አይወጣለትም፤ አያጣድፋት፣ አያስጨንቃት። ፀሐይ ሳትጠልቅ የመጨረሻዋን ደንበኛ አወረዱና ወደ ባለታክሲው ቤት ዞሩ። ከብረቱ በር ፊት ሲደርስ ባለታክሲው መኪናዋን አቆመ። ሞተሩን አላጠፋም። አልወረደምም። ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ በሩን ያያል።

ጆሮው አሁን ይወርዳል፣ አሁን ይወርዳል ሲል ሩብ ሰዓት አለፈ። አንዲት ጎረቤት ዘምቢሏን ይዛ አልፋ ሄደች፤ እጅ ነሣቻቸው እንጂ አልገረማትም።

«ጋሼ፣ ቁልፍ ጠፋህ እንዴ?»

«ኪሴ ውስጥ አለ።»

«ታዲያ ምን እንጠብቃለን?»

ባለታክሲው በአገጩ ወደ በሩ አመለከተ። ጆሮውም እህቱ በሕይወት ሳለች ይህ በር እንዴት ይከፈት እንደነበር ያውቃል። ሁለቴ ክላክስ ይደረጋል፤ እሷ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች «መጣሁ! ምን ያስቸኩልሃል?» ትላለች፤ ባልየው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ዘበኛዬ፣ ኑሪልኝ!» ይላታል፤ እሷም መኪናዋ ስታልፍ ኮፈኑን በመዳፏ ጠፍ ታደርገዋለች።

«እዚህ በር ላይ ሞተር አጥፍቼ አላውቅም» አለ ባለታክሲው። «ምን ብዬ አጠፋለሁ? ልትከፍትልኝ አይደል? አሁን ካጠፋሁት ወርጄ ራሴ ልከፍት ነው። እሷ አትከፍትም ማለት ነው።»

«በየቀኑ?»

«በየቀኑ። ሁለት ሰዓት ሙሉ የምቆይበትም ጊዜ አለ። ሲመሽ እወርዳለሁ።»

ቤንዚኑ የገባበት ተገኘ። እጁ አልሳተም፤ ቱታውም አይሰቀልም። ጆሮው ደስታውን ቢጠብቅ ቢጠብቅ አልመጣለት አለ።

«ቁልፉን ስጠኝ ጋሼ» አለ።

ከቀብሩ ወዲህ እሱም ያንን ግቢ አልረገጠም ነበር። በትንሿ የእግረኛ በር ገባ። ነጠላ ጫማዋ ከግንቡ ሥር እንዳወለቀችው አለ። እንዳላየ ሆኖ መቀርቀሪያውን ሳበና ሁለቱንም መዝጊያ ወለል አድርጎ ከፈተ፤ ከዚያ ፈቀቅ ብሎ ቆመ።

መኪናዋ ቀስ ብላ ገባች። ባለታክሲው አንገቱን በመስኮት አወጣ። «ዘበኛዬ…» አለና ሌላው አፉ ላይ ቀረ።

የጆሮው እጅ ማንም ሳያዘው ተነሥቶ ኮፈኑን ጠፍ አደረገው። ያኔ ነው እንግዲህ ዕንባው የመጣው። መዳፉን ከሞቀው ኮፈን ላይ ሳያነሣ፣ እንደ ልጅ እየተንሰቀሰቀ፣ እህቱን አለቀሳት።

ባለታክሲው ሞተሩን አጠፋ።