ጋሽ ሸምሱ ሱቅ ሲዘጉ

የእርጥብ ጥጥ ሽታ አሁንም ባላሰብኩት ቦታ ያገኘኛል። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ቀድሞኝ ገመድ ላይ ያሰጣሁትን ብርድ ልብስ በጥድፊያ ሰብስቤ ሳስገባ፣ ያ ትንሽ የሻገተ፣ ትንሽ የሚጣፍጥ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ብርድ ልብሱን እንደታቀፍኩ በሩ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ልጄ «እማ፣ ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ሰባት ዓመቴ ነው፣ መርካቶ ፍራሽ ተራ ነኝ ብላት ትስቅብኛለች። «ምንም» አልኳት።

ቤታችን ከፍራሽ ሱቆቹ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ከተገናኘ አንዱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ በሚያሳልፍበት ቀጭን መግቢያ ውስጥ ነበር። አባቴና እናቴ የወሎ ሰዎች ናቸው፤ አባቴ ከመንገዱ ማዶ ጆንያ ይነግድ ነበር። ከእኛ ጓዳ ወዲያ ያለው የጋሽ ሸምሱ ፍራሽ ቤት ነው፤ የሚለየን አንድ ቆርቆሮ ብቻ ስለነበር እሳቸው ሲያስነጥሱ እናቴ ከዚህ ሆና «ይርሐመከላህ» ትላቸው ነበር።

በበጋ፣ ፀሐዩ ሲጠነክር፣ ጋሽ ሸምሱ ጥጡን ሸራ ላይ ዘርግተው በዱላ እየደበደቡ ያፍታቱት ነበር፤ እኛ የሰፈር ልጆች ደግሞ ዞር እስኪሉ ጠብቀን ዘለን እንገባበታለን። አንድ ቀን ከነጠጉሬ ከነቅንድቤ ነጭ ሆኜ ብወጣ፣ ሆዳቸውን ይዘው ስቀው ሲያበቁ «ጥጤ» አሉኝ። ከዚያ ወዲያ ዘይነባ የሚለውን ስሜን ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም። ጥጤ የሚለኝ ደግሞ ከእሳቸው በቀር ማንም አልነበረም።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ሱቃቸውን ሲዘጉ ዝም ብለው አይዘጉም። እኛ በተደራረበው ፍራሽ መሃል ገብተን እንደምንደበቅ፣ አንዳንዴም እዚያው እንቅልፍ እንደሚጥለን ያውቁ ስለነበር፣ የብረቱን በር ከመሳባቸው በፊት በዱላቸው ሦስት ጊዜ ያንኳኩና «ጥጤ፣ አለሽ?» ይላሉ። ውስጥ ከሆንኩ «አቤት!» ብዬ እወጣለሁ፤ ከሌለሁም ቤቴ ሆኜ በቆርቆሮው ወዲህ «አቤት፣ እዚህ ነኝ!» እላለሁ። መልሴን ሳይሰሙ ጓጉንቸራቸውን አይቆልፉም ነበር።

በበልግ፣ ዝናቡ ገና ሲያስፈራራ፣ ጋሽ ሸምሱ የቀትሩን ዙሁር ሰግደው ጋደም እንዳሉ ሳይነሱ ቀሩ። ተራው በሙሉ ሱቁን ዘግቶ ቀበራቸው። ፍራሽ ቤቱ ከዚያ በኋላ ሳይከፈት ቆየ፤ እናቴም በሩ አጠገብ እንዳልጫወት ከለከለችኝ። ጉድ የሚያሰኝ ፍርሃት ነበራት፣ እናቴ። «ስሚኝ» አለችኝ አንድ ቀን፣ ጠጉሬን እየጎነጎነች፣ «የሚጠራሽን ሰው ሳታዪ አቤት እንዳትዪ። ሰው ከሆነ ሦስተኛም ይጠራሻል። ሰው ያልሆነ ግን ከሁለት አያልፍም።» እኔ ያን ቀን ሽንት ቤት እንኳ ብቻዬን አልሄድኩም።

ክረምት ገባ፣ ትምህርት ተዘጋ፣ የአክስቴ ልጅ ሰኢድ ከኮምቦልቻ መጣ። አምስት ዓመቱ ነው። እውነቱን ልናገር፣ አልወደድኩትም። ትራሴን ወሰደብኝ፣ የትም ብሄድ ቀሚሴን ይዞ ይከተለኛል፣ ቅዳሜውን ሙሉ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ሲወርድ እሱም ከዝናቡ እኩል «እናቴ ጋ ውሰዱኝ» እያለ ሲያለቅስ ዋለ። አባቴ ሊያስቀው ብሎ «ዝም በል በቃ፣ ነገ አውቶቡስ ተራ ሄደህ ከጆንያ ጋር ትጫናለህ» አለው። ሰኢድ አልሳቀም። «መንገዱ በየት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

እሁድ ጠዋት ዝናቡ አባራ። መርካቶን በሥራ ቀን ብቻ የሚያውቅ ሰው እሁዷን አያውቃትም። ተሸካሚው የለ፣ «ዞር በል!» የሚል የለ፣ በሩ ሁሉ ተከርችሞ ጭጋጉ እስከ ጣሪያው ወርዶ፣ የራሴ ጫማ ድምፅ ከኋላዬ የሚመጣ እየመሰለኝ ዞር ዞር እያልኩ እሄድ ነበር። ያን ቀን ተራው ውስጥ የተከፈተ አንድ በር ብቻ አየን፤ የጋሽ ሸምሱ። ልጃቸው ጀማል ከሚኖርበት ከሰባተኛ ሰፈር መጥቶ ዕቃው እንዳይሻግት ሊያናፍስ ከፍቶት ኖሯል። ራሱ በር ላይ ቆሞ ስልክ ያወራል።

«ድብብቆሽ እንጫወት» አልኩት ሰኢድን፣ ቀሚሴን እንዲለቅልኝ ብዬ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እስከ ሃያ ቆጠርኩ። አይኔን ስገልጥ ሰኢድ የለም። የት እንደገባ ማወቅ አያቅትም፣ ያለው ክፍት በር አንድ ነው። ግን እናቴ ከቤት «ፓስቲው በረደ!» ስትል ሰማሁና፣ ይቆይ እስቲ፣ ትንሽ ከእሱ ልረፍ ብዬ ትቼው ገባሁ። የእሱንም ድርሻ በላሁበት። እየበላሁ ሳለ የጋሽ ሸምሱ በር ሲሳብ፣ ጓጉንቸሩ ቀጭ ሲል ሰማሁ። የሆነ ነገር የጎደለው መሰለኝ፤ ምን እንደሆነ ግን ቶሎ አልመጣልኝም። ጀማል የአባቱን ልማድ አያውቅም ነበር። ሳያንኳኳ፣ ሳይጠራ ዘግቶ ሄደ።

«ሰኢድስ?» አለች እናቴ።

ፓስቲውን መብላቴ ይታወቅብኛል ብዬ ፈራሁ። «አላየሁትም» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በዚህች ቃል የመጣ ነው። አባቴ የትናንት ቀልዱ ትዝ ብሎት ፊቱ አመድ መሰለ፤ ጎረቤቱን ቀስቅሶ ወደ አውቶቡስ ተራ ሮጠ። እናቴ ስግደት ላይ ተደፍታ «ያ አላህ፣ የሰው አደራ! እህቴን በምን አይኔ አያታለሁ?» እያለች ታነባ ጀመር። እኔ ጓዳ ገብቼ ቆርቆሮውን ተደግፌ ተቀመጥኩ። ተደብቆ ይሆናል፣ ራሱ ይወጣል እያልኩ ራሴን አታለልኩ። በሩ መቆለፉን እያወቅሁ። ብናገር እናቴ ትገድለኛለች ብዬ ዝም አልኩ፣ ሰዓቱም ሄደ።

ወደ ቀትር ላይ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። የጣሪያው ጠብታ እንኳ ቆመ። ያኔ ከቆርቆሮው ወዲያ፣ በሩ በኩል፣ ብረቱ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

«ጥጤ፣ አለሽ?»

ወላሂ ሰምቼዋለሁ። አልጮኸም፣ አላስፈራራም፣ ደከም ያለ የምሽት ድምፃቸው ነው። እናቴን አየኋት፤ አልሰማችም፣ ግንባሯን መሬት ላይ እንዳደረገች ናት። በሁለት እጄ አፌን ያዝኩ።

እንደገና ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። «ጥጤ፣ አለሽ?»

ሁለት። የእናቴ ቃል ትዝ አለኝ፣ ሦስተኛውን ጠበቅሁ። አልመጣም። ቆየሁ፣ አልመጣም። ጠዋት የጎደለው ነገር ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ፤ ያ በር ሰው መቅረቱን ማንም ሳይጠይቅ ነው የተዘጋው። ጋሽ ሸምሱ ደግሞ መልሴን ሳይሰሙ ዘግተው አያውቁም።

«አቤት!» አልኩ፣ ጮኼ።

እናቴ ተስፈንጥራ ተነሳች። «ማንን ነው አቤት ያልሽው? አንቺ ልጅ፣ ማንን ነው?»

«ሰኢድ እዚያ ውስጥ ነው። ድብብቆሽ ስንጫወት ነበር። እኔ ነኝ ትቼው የመጣሁት፣ እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

አልመታችኝም። በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች። የጀማል ስልክ ዝግ ነበር፤ አባቴ ከአውቶቡስ ተራ እያለከለከ ተመልሶ፣ ከተራው ዘበኛ ብረት ተቀብሎ ጓጉንቸሩን ሰበረው። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ያ ሽታ ብቻ። ጀማል ለማናፈስ ብሎ ያነካካው ክምር ተንዶ ወለሉን ሞልቶታል። አባቴ ፍራሹን አንድ በአንድ ሲወረውር፣ ከሥር ትንሽ ጫማ ታየች።

ሰኢድ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። እናቴ ጣቷን አፉ ውስጥ ከትታ ከተቀደደ ፍራሽ የወጣ ጥጥ ጎልጉላ አወጣች፣ ጀርባውን መታችው፣ አሁንም መታችው፣ ከዚያ አስሎ አለቀሰ። ያን ለቅሶ ቅዳሜ ጠልቼው ነበር። እሁድ እኔም አብሬው አለቀስኩ።

ማታ ትራሴን ሰጥቼው አጠገቡ ተኛሁና፣ እዚያ ውስጥ ከእሱ ሌላ ሰው አልነበረምና «ለምን ሦስተኛ አልጠራኸኝም?» አልኩት።

«መቼ ጠራሁሽ?» አለ። «አፌ ጥጥ ነበር። እጄም ተይዟል።»

«ጥጤ አላልከኝም?»

«ጥጤ ማናት?»

እናቴ መብራት ልታጠፋ መጥታ ሰማችን። መብራቱን ሳታጠፋ ሄደች። በሚቀጥለው ጁምዓ ለጋሽ ሸምሱ ብላ ሰደቃ አወጣች፣ ስለ ሦስት ጥሪም ዳግመኛ ነግራኝ አታውቅም። አባቴ እስካሁን «ዝናብ ነው ቆርቆሮ የመታው» ይላል። አልከራከረውም። ዝናቡ ቆሞ ነበር።

አሁን ፍራሽ ቤቱ የለም፤ ቦታው ላይ መስታወት የለበሰ ፎቅ ቆሟል። ሰኢድ ኮምቦልቻ ውስጥ ሦስት ልጆች ያሳድጋል፣ ክረምት ሲሆን እኔ ጋ ይልካቸዋል፣ ልጆቻችን እዚህ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ድብብቆሽ ይጫወታሉ። እኔም ቁም ሳጥን ይሁን ምድር ቤት፣ ሦስት ጊዜ ሳላንኳኳና «የቀረ ሰው አለ?» ሳልል አልዘጋም። ልጆቹ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ያኔ ክረምቱን ሙሉ ያን ድምፅ ዳግም እንዳልሰማ ጆሮዬን በትራስ ደፍኜ እተኛ ነበር። አሁን እርጥብ ጥጥ ሲሸተኝ ያለሁበት ቆሜ አዳምጣለሁ። የሚንኳኳ የለም። ድምፃቸው ምን ይመስል እንደነበር ራሱ እየጠፋኝ ነው፤ ቢሆንም ማንም በማይሰማኝ ጊዜ፣ ቀስ ብዬ «አቤት፣ እዚህ ነኝ» እላለሁ።