ባለፉት ሰባት ቀናት

ለውድድር ውጭ አገር የሚሄዱ ልጆች ከቡታጅራ ከመነሳታቸው በፊት እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ሯጭ ነበርኩ። ስድስት ጊዜ ወጥቼ አንድም ጊዜ ከአምስተኛ በላይ ሳልሆን የተመለስኩ ሰው ነኝና ስለ ማሸነፍ አላስተምርም፤ የማስተምረው ስለ ሻንጣ ነው። የመሮጫ ጫማሽ ከእጅሽ አይለይ፤ ትልቁ ሻንጣ ሌላ አገር ቢሄድ በነጠላ ጫማ አትሮጪም። የሆቴሉን አድራሻ ከክፍልሽ ከመውጣትሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ማናጀርም ቢሆን "ፓስፖርትሽን እኔ ልያዝልሽ" ካለሽ ስቀሽ እምቢ በይው። በዋዜማው አዲስ ምግብ አትቅመሺ፣ በሶሽን ይዘሽ ሂጂ።

ከዚያ በኋላ ድምፄ የሚቀየር ይመስለኛል፤ ልጆቹ ከስልካቸው ቀና ይላሉ። ከሰው እጅ መድኃኒት እንዳትቀበሉ እላቸዋለሁ። ይሄን ማስረዳት እኛ ዘንድ ከባድ ነው። ያደግነው የቀረበልንን መመለስ ነውር ነው ተብለን ነው። ራሷን ያመማት ሴት ከሦስት ጎረቤት ሦስት ዓይነት ክኒን ይመጣላታል፤ ሁሉንም አመስግና ትውጣለች። የምትወዱት ሰው ቢሰጣችሁም ሐኪም ሳትጠይቁ አትዋጡ እላለሁ። ከየት እንደተማርኩት ግን አልነግራቸውም።

አንዲት የልብ ጓደኛ ነበረችኝ። እሷ የመስቃን ገበሬ ልጅ፣ እኔ ከሰሜን ተመድቦ የመጣ መምህር ልጅ። ጠዋት ጠዋት ወደ ዝዋይ በሚወስደው መንገድ አብረን እንሮጥ ነበር፤ እሷ ሁልጊዜ በግራዬ። ዛሬም ብቻዬን ስወጣ ግራዬን ክፍት ትቼ ነው የምሮጠው። አንዳንድ ቀን ጭጋግ ሲኖር የእግሯን ኮቴ የሰማሁ ይመስለኛል። ዞር አልልም።

ለግማሽ ማራቶን አውሮፓ ሄድን። እንደደረስን ብርዱ ያዛት። በዋዜማው አፍንጫዋ ተዘግቶ ስትሰቃይ ከቦርሳዬ አንድ የጉንፋን ክኒን አውጥቼ ሰጠኋት። ከሰፈራችን የገዛሁት ነው፤ ከማሸጊያው ተቆርጦ ስለተሸጠልኝ ስሙ እንኳን አይነበብም። "ቢስሚላህ" ብላ ዋጠችው። በማግስቱ ሁለተኛ ወጣች። እኔ አሥራ አንደኛ ነበርኩ።

ለአበረታች መድኃኒት ምርመራ ሲጠሯት አስተርጓሚ ሆኜ አብሬያት ገባሁ። እንግሊዝኛዬ ከእሷ የሚሻለው አባቴ አስተማሪ ስለሆነ ብቻ ነው። ነጭ ክፍል ነበር፤ አንድ ጠረጴዛ፣ የታሸገ ውሃ፣ ሸምገል ያለ ፈገግታ የማይለየው ሰውዬ። በእስክሪብቶው ጫፍ ቅጹ ላይ አንድ መስመር እያሳየኝ፣ ባለፉት ሰባት ቀናት የዋጠችው መድኃኒት አለ ወይ አለኝ። ቀስ ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ገብቶኛል።

እሷ ሜዳሊያዋን በጣቷ እያሻሸች፣ "ምን ይላል?" አለችኝ።

"ደህና ናት ወይ ነው የሚለው።"

"አልሐምዱሊላህ በይው።"

"የለም" አልኩት። ጻፈው። እሷ ከሥሩ ፈረመች።

ለምን እንዲያ እንዳልኩ ራሴን ጠይቄ ጠይቄ ደክሞኛል። ክኒኑ የእኔ ስለነበር ፈራሁ፤ ስሙን፣ ከየት እንዳመጣሁት ቢጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። ቅናት አልነበረም እላለሁ። አሥራ አንደኛ የወጣች ሴት እንዲህ ስትል ግን እኔም አላምናትም።

ከሁለት ወር በኋላ ደብዳቤ መጣ። ያነበብኩላትም እኔው ነኝ። በሽንትዎ ውስጥ የተከለከለ ነገር ተገኝቷል፤ ሲጠየቁም መድኃኒት አልወሰድኩም ብለዋል ይላል። ሁለተኛውን መስመር ዘለልኩት። እሷ ራሴ ገዝቼ የዋጥኩት የጉንፋን ክኒን ነው ብላ መለሰች፤ የእኔን ስም ትንፍሽ አላለችም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ "የለም" የሚለው ከፊርማዋ በላይ ተጽፎ ነበርና ሁለት ዓመት ታገደች። እውነቱን ተናግሬ ቢሆን ቅጣቱ ይቀልላት ነበር ወይ? የሚያውቅ የለም፤ የሚበላኝም እሱ ነው።

እገዳዋ ሲያበቃ የሚጠራት ውድድር አልነበረም። አገባች፤ አሁን ወልቂጤ ልብስ ትሸጣለች። ስንገናኝ አቅፋ ትስመኛለች። "ልታድኚኝ ብለሽ ነው፣ አላህ የጻፈው ነው" ትለኛለች። ክኒኑን ይቅር ብላኛለች። ጥያቄውን ግን አታውቅም።

ጥያቄው እኔን አይለቀኝም። አንድ ጊዜ ጨጓራዬን ልታከም አታት ሆስፒታል ሄጄ ነርሷ፣ "ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?" አለችኝ። ብድግ ብዬ ወደ በሩ አመራሁ። ልጅቷ ያመመኝ ከጨጓራ የባሰ ነገር መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

ባለፈው ሳምንት የጓደኛዬ የመጨረሻ እህት ከወልቂጤ መጣች። እሷም ሯጭ ሆናለች፤ የመጀመሪያ ጉዞዋ ነው። ሁሉንም ነገርኳት፤ ጫማውን፣ ፓስፖርቱን፣ በሶውን። ከዚያ የምርመራ ክፍሉን ጥያቄ በእንግሊዝኛ አስጠናኋት፤ እየደጋገመች ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ጽፋ ስትጨርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"እትዬ፣ ይሄን ጥያቄ በቅርብ ነው የጀመሩት?"

"ድሮም ነበር።"

"እህቴ እኮ አልጠየቁኝም ነው የምትለው። አንድ ሽማግሌ ብቻ ደህና ነሽ ወይ ብሎኛል ትላለች። በዚያ ሁሉ መከራ እንደ ሰው ያየኝ እሱ ነው እያለች አሁንም ታነሳዋለች።"

ልጅቷ መልስ እየጠበቀች ታየኛለች። ያ ሰውዬ ያላለውን ደግ ቃል፣ በእኔ ውሸት የተሠራውን፣ ጓደኛዬ እነዚህን ሁሉ ዓመታት እንደ ስንቅ ይዛው ኖራለች። አሁን ልቀማት ነው። ባልቀማት ደግሞ ይህችን ልጅ ወደዚያው ክፍል ዋሽቼ ልልካት ነው።

ስልኬን አንስቼ ወልቂጤ ለጓደኛዬ ደወልኩ። ከጀርባዋ የገበያው ጫጫታ ይሰማል። አፌን ሳልከፍት ቀደመችኝ።

"ደህና ነሽ ወይ?"

"ደህና አይደለሁም" አልኳት። "ሱቁን ለሰው ስጪና ተቀመጪ።"