የአባቴ ግራ ዓይን

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ባሕር ዳር አንዲት ወጣት የዓይን ሐኪም አገጬን መሣሪያው ላይ አስደግፋ ብዙ ስታየኝ ቆየችና፣ «እማማ፣ ከቤተሰብ ግላኮማ፣ የዓይን ግፊት በሽታ፣ የነበረበት ሰው አለ?» አለችኝ።

«አባቴ» አልኋት።

ከልጅነቴ ጀምሮ የሩቁን እንደማላይ ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። እንደኔ ያለው ዓይን ወደ ኋላ ረዘም ያለ፣ ሽፋኑም የሳሳ ስለሆነ የደም ዝውውሩ ይደክማል፤ ለዚህ በሽታም ይበልጥ ይጋለጣል አለች። እሷ ስታስረዳኝ እኔ በሐሳብ ደርግ ዘመን ገብቻለሁ።

በመምህርነት ተመርቄ ማስተማር የጀመርሁበት ዓመት ነበር። በጥቅምት፣ ጭቃው ደርቆ መንገዱ ሲያምር፣ ከዘንባባዎቹ ሥር ስሄድ ከአባቴ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝተን ሳላውቃቸው አለፍሁ። አባቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ሐይቁ ዳር ካለች ቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምራሉ። ቤት ስገባ ተቆጥተው ጠበቁኝ።

«ደመወዝ ብትበይ አባትሽን መናቅ ጀመርሽ?»

«አባዬ፣ ከአሥር እርምጃ ወዲያ ሰውና ዛፍ አይለይልኝም።»

ደነገጡ። በማግሥቱ ራሳቸው ሐኪም ቤት ወሰዱኝ። መንገዱን ሁሉ፣ «እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሐይቁ መሐል ያለ ታንኳ እቆጥራለሁ» እያሉ ሲመጻደቁ፣ በግራቸው የቆመች አህያ ገጩ። እኔ ሳቅሁ።

ሐኪሙ ለእኔ መነጽር አዘዘልኝ። ስንወጣ አባቴ በግራ ትከሻቸው መቃኑን ሲመቱ አየና፣ «እስቲ እርስዎም ይቀመጡ» አላቸው። መርምሯቸው ሲያበቃ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የልጅዎ በመነጽር ይቃናል። በእርስዎ ዓይን ውስጥ ግን ግፊት በዝቷል፤ ነርቩ ደም በደንብ አይደርሰውም። ከዳር ከዳር እየሞተ ነው፤ የግራው ብሷል። የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን ግን ጠብታ ያቆየዋል።»

አባቴ፣ «ውሃ እንዳልደረሰው ጎመን ነዋ!» አሉ።

ፍስክ ስለነበር ሐይቁ ዳር የተጠበሰ ዓሣ በላን። አባቴ እሾሁን እየለቀሙ አጎረሱኝ።

ክረምት ሲገባ ለመሠረተ ትምህርት አንበሳሜ ተላክሁ። ጠብታው በዚያ ዘመን እንደ ልብ አይገኝም፤ ለወራት የሚበቃቸውን በመከራ አግኝቼ፣ ጧት ማታ እንዲያደርጉት አደራ ብዬ ሄድሁ። ስመለስ ግራ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፍቶ ነበር።

«ጠብታውስ፣ አባዬ?»

«ለጎረቤታችን ለመነኩሴው ሰጠኋቸው። እሳቸው ምንም አያዩም፤ እኔ ገና የማይ ሰው ነኝ።»

«የእሳቸው የሞተ ነው! ላያድናቸው የእርስዎን አጠፉት!»

በአባቴ ላይ የጮኽሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አልተቆጡም። «ዕውር እጁን ዘርግቶ ሲለምነኝ እንዴት እምቢ ልበል?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ጠብታውን ራሴ ያዝሁት። ወደ ሌላ አገር ሊያዛውሩኝ ሲሉም ለምኜ ቀረሁ። ቀኝ ዓይናቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው ፊቴን ያይ ነበር። ከጎን ስመጣ ስለማያዩኝ ሁልጊዜ ዞሬ በፊታቸው እመጣ ነበር።

«ታዲያ እማማ፣ ለምን በየዓመቱ አልተመረመሩም?» አለችኝ ሐኪሟ። የእኔም ግራ ዓይን ብዙ ተጎድቷል።

ይሄን ሁሉ ዘመን የአባቴን ግራ ዓይን መጥፋት የደግነታቸው ዋጋ ነው ስል ኖርሁ እንጂ በሽታው በእኔም ደም ውስጥ አለ ብዬ አላሰብሁም። እሳቸው ብርሃናቸውን ለሰው ሲሉ አጡት። የእኔ ግን ለማንም ሳይሆን ነው የጠፋው።