ለሠርጉ የደረሰ ጫማ

ለማስተርስ መመረቂያዬ ዝሆኔን ላጠና ከደብረ ማርቆስ አምበር ስመላለስ፣ ትዕግሥት የሚባለው ነገር አልፈጠረብኝም ነበር። ዛሬም ሞልቶ ተርፎኛል አልልም። ነርሶችን አስተምር ስለነበር ሰው የታዘዘውን ቀጥ ብሎ ሲያደርግ ነው ደስ የሚለኝ። ጥናቱም ለአፍ ቀላል ነው፦ እግራቸው ያበጠ ሰዎች በየቀኑ በሳሙናና ጥቂት በረኪና ጠብ ባለበት ውኃ ቢታጠቡ፣ ቫዝሊን ቢቀቡ፣ ካልሲና ጫማ ቢያደርጉ እብጠቱ ምን ያህል ይቀንሳል? በሽታው ዕድሜ ልክ በባዶ እግር ቀዩን አፈር ከመርገጥ እንደሚመጣ ከመጽሐፍ አውቃለሁ። መንደሩ ግን እርግማን ነው ይላል።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ጤና ኬላው ደጃፍ ላይ ሳፋዎቹን ደርድሬ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ቆምኩ። ሰዎቹ መጡ፣ ሳፋዎቹን አዩ፣ ራቅ ብለው ተቀመጡና እግራቸውን በጋቢና በቀሚሳቸው ሸፈኑ። "እኔ ነኝ የማጥባችሁ፤ ምንም አትቸገሩም" ስላቸው ጭራሽ አቀረቀሩ። አንድ አዛውንት "ዛሬስ ይቆየን" ብለው ተነሡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ደሜ ፈላ። "ለራሳቸው ብለን በመጣን" እያልኩ ስነጫነጭ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የዚያው አገር ልጅ ናትና ሳቋን አፍና ሳፋዎቹን ትሰበስባለች።

አንዲት እናት ብቻ ከአግዳሚው አልተነሡም።

"ልጄ፣ አንቺ እንግዳ አይደለሽም እንዴ?" አሉኝ።

"ነኝ፣ እማማ።"

"ታዲያ እንግዳ ባለቤቱን ሲያጥብ የት አይተሻል?"

በዚያ አገር ከመንገድ ለገባ እንግዳ ውኃ ይሞቅና የቤቱ ሰው ዝቅ ብሎ እግሩን ያጥበዋል። እኔ ደግሞ ከከተማ መጥቼ ባለአገሮቹን በገዛ ቀያቸው እንግዳ ላደርጋቸው፣ ያውም ከጎረቤት የሚሸሽጉትን እግር አምጡ እላለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉኛል ይሄኔ።

"መጀመሪያ ያንቺን አምጪ" አሉኝ።

ጫማዬን አወለቅሁ። መንገዱ ጭቃ ስለነበር እግሬ ለማየትም ያሳፍራል። እሳቸው ግን ሳፋውን ስበው ጣቶቼን አንድ በአንድ፣ ተረከዜን ደግሞ በመዳፋቸው ፈትገው አጠቡኝ። ሲጨርሱ በነጠላቸው ጫፍ አደራረቁኝና ቀሚሳቸውን ገለጥ አደረጉ። "በይ፣ አሁን ተራሽ ነው።"

እያጠብኳቸው ጉዳያቸውን ነገሩኝ። የበኩር ልጃቸውን ሲድሩ ጓዳ ተደብቀው ነው የዋሉት። ሠርገኛው እግራቸውን አይቶ ልጃቸውን እንዳይንቀው ፈርተው "አሟታል በሉ" ብለው አስወሩ። አሁን ደግሞ ሴቷ ልጃቸው ታጭታለች፤ ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ነው።

"ዳሱ ውስጥ እንደ እናት መቀመጥ ነው የምፈልገው" አሉኝ። "ይሆንልኛል?"

"አላውቅም፣ እማማ። የማጠናውም ስለማላውቅ ነው።"

"እንግዲያው አብረን እንየው።"

በሚቀጥለው ቀጠሮ የሸሹት ሁሉ መጡ። የመጡት ግን በደንባቸው ነው፤ መጀመሪያ እኔ ካልታጠብኩ ማንም እግሩን ሳፋ ውስጥ አይከትም። ይህንን ለአማካሪዬ ስነግረው ሳቀና "የአጠናን ዘዴ በሚለው ምዕራፍ ይግባ" አለኝ። እንደዚያ ክረምት እግሬ ጸድቶ አያውቅም።

መስከረም ሲጠባ የእማማ ቁስል ደረቀ፣ ሽታው ጠፋ፣ እብጠቱም ጎደል አለ። ጫማው ግን ከየት ይምጣ? የአምበርን ገበያ ዞርኩ፣ የማርቆስን ዞርኩ፤ የወንድ ጫማ እንኳ አልገባ አላቸው። ታጥበው ጸድተው መልሰው ያንኑ አፈር ይረግጣሉ። ተናደድኩ፤ የመምህራን ክበብ ገብቼም ላገኘሁት ሁሉ ስማረር ዋልኩ። አንድ የሜካኒካል ምሕንድስና መምህር፣ እሱ የውኃ ፓምፕ አጠናለሁ የሚል፣ ተረበኝ። "እናንተ ጤናዎች እግሩን ትጀምሩና ጫማውን ለማን ልትተዉት ነው?" አለ። እኔም "ለእናንተ ነዋ፤ ፓምፕ ይደረጋል እግር ላይ?" አልኩት። ሳቀ፤ ቆይቶ ግን ስለ እግሩ ቅርጽ ይጠይቀኝ ጀመር።

በሳምንቱ ጀሶ ተሸክሞ አብሮኝ ወረደ። እሱም ሳይታጠብ ሥራ አልጀመረም። የሚኮረኮር ሰው ነው፤ እማማ ውስጥ እግሩን ሲነኩት ከመቀመጫው ሊወድቅ ደረሰ፤ ሴቶቹም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁበት። ከዚያ የእማማን እግር በጀሶ ቀርጾ ወሰደ፤ በቅርጹ የጫማ መስፊያ ፎርማ ከእንጨት አስጠረበና ማርቆስ ከአንድ ጫማ ሰፊ ጋር ገጠመ። የመጀመሪያው ጫማ ቆዳው ደረቅ ነበርና ቁርጭምጭሚታቸውን ላጠው። ያን ቀን እሱ ከእኔ ይበልጥ ተበሳጨ፤ ምሳ እንኳ አልበላም። እንደገና ውስጡን በለስላሳ ቆዳ ለብጠው፣ ፊቱን እስከ ጣት ድረስ ከፍተው በማሰሪያ እንዲጠብና እንዲሰፋ አድርገው ሠሩት። ሠርጉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጫማው ልክ ሆነ።

በትምህርት ዓለም ብዙ ባለውለታ አለኝ፤ ሁሉንም እግዜር ይስጥልኝ። ከሁሉም በላይ ግን የማመሰግነው እኚህን እናት ነው። እሳቸው ያን ቀን ተነሥተው ቢሄዱ ጥናቴ እዚያው ያበቃ ነበር፤ እኔም እስከ ዛሬ "ሕዝቡ አልገባውም" እያልኩ በየስብሰባው አወራ ነበር።

ለሠርጉ እኔም መሐንዲሱም ተጠራን። እግራቸው እንደ እኔ እግር አልሆነም፤ ይሆናል ብዬም ቃል አልገባሁም። ግን ዳሱ መካከል፣ ከባላቸው ጎን፣ ጫማቸውን አስረው ተቀምጠዋል። ሙሽሮቹ ተንበርክከው ጉልበታቸውን ሳሙ። እሳቸውም "ውለዱ፣ ክበዱ" ብለው ረጅም ምርቃት አወረዱ፤ ሰውም አሜን አለ።

ሙሽሮቹ ሲነሡ ጠላ ሲቀዳ የነበረው የበኩር ልጃቸው ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠ። የሁለት ልጆች አባት ነው። ሚስቱን እጇን ይዞ መጣና "የእኛ ቀርቶብን ነበር፣ እናቴ" ብሎ ከፊታቸው ተንበረከከ። ሚስቱም አጠገቡ ተንበረከከች። ሁለቱም ጉልበታቸውን ሳሙ፤ ቶሎም አልተነሡም። እማማ ሊመርቁ እጃቸውን ዘረጉ። የልጃቸውን ራስ ይዘው ብቻ ይደባብሱት ነበር።