የባላባቱ ጉልትና የጆበርጓ መሬት

ጆበርግ፣ ሶዌቶ ያለችው ሱቃችን ፊቷ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው። ደንበኛ ከውጭ ይጣራል፣ እኔ ዳቦውን በቀዳዳው አሳልፋለሁ። ደንበኛ ሲጠፋ አነባለሁ። ትምህርቴን በልጅነቴ ስላቋረጥኩ እንግሊዝኛ ያስተማሩኝ የሸቀጥ ካርቶኖችና ደንበኞቼ ናቸው። ያን ሰሞን በእጄ የነበረው ፎርድስበርግ ሰፈር ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ያገኘሁት፣ ሽፋኑ የተገነጠለ የታሪክ መጽሐፍ ነበር።

ውስጡ አንድ የጥንት ባላባት አለ። የአባቱ አገር ብሪታኒ ነው፣ የዛሬዋ ፈረንሳይ ዳርቻ። የእንግሊዝ ንጉሥ ደግሞ ከባሕሩ ማዶ ሰፊ መሬት ሰጥቶታል። እኔ እንደገባኝ ያኛው ርስቱ ነው፣ ይኼኛው ጉልቱ። ነገሥታቱ ሲስማሙ ሰውዬው የሁለት አገር ጌታ ነው። ሲጣሉ ግን ሁለቱም "ከማን ጋር ነህ?" ይሉታል። ወደ ፈረንሳይ ካዘነበለ የእንግሊዙ መሬት ይነጠቃል፤ ሲታረቁ ይመለስለታል፤ ደግሞ ይነጠቃል። አብዛኛውን ዕድሜውን በመርከብ ሲመላለስ ጨረሰ። መጽሐፉ ስለ ጋሻውና ስለ ጋብቻው ብዙ ያወራል፤ ድካሙን ግን አንድም ቦታ አያነሳም። እኔ ግን ታየኝ።

እኛም ሆሳዕና አጠገብ ባለቤቴ ከአባቱ የወረሰው መሬት ነበረን፤ ስናረጅ ቤት ልንሠራበት። ባዶ መሬት ዓይን ይስባል ብዬ ለባለቤቴ ታናሽ ወንድም "አንድ ነገር ጣል አድርግበት" አልኩት። በቆሎ ማለቴ ነበር። እሱ እንሰት ተከለ! በእኛ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በቆሎ ወቅቱ ሲደርስ ይነሳል፤ እንሰት ዓመታት ይቆማል፣ የተከለውም ሰው እዚያው ሊኖር እንደቆረጠ ይቆጠራል። የቀዬው ሽማግሌዎችም ከሁለታችን አንዳችን ሄደን መሬቱ ላይ ካልቆምን ለተከለው እንደሚወስኑ ላኩብን።

አንዳችን ብንሄድ ደግሞ ሱቁ ይዘጋል። አንዱ ዕቃ ሊያመጣ ሲወጣ አንዱ ከፍርግርጉ ጀርባ መቆም አለበት። የግቢው ባለቤት፣ ሰዉ ሁሉ ጎጎ፣ አያቴ፣ የሚላቸው ደግ አሮጊት ናቸው፣ ግን የተዘጋ ሱቅ ለሌላ እንደሚያከራዩ በግልጽ ነግረውናል።

ባለቤቴ የስኳር ከረጢት ላይ ተቀምጦ ጫማውን እያላላ፣ "ያ ባላባትሽ ምን አደረገ?" አለኝ።

"ተመላለሰ።"

"በምን?"

"በመርከብ ነዋ፣ እያስመለሰው።"

"መጽሐፉ እንደሱ ይላል?"

"እኔ ነኝ ያልኩት።"

ሳቅ አለ። "እኔ ልሂድ እንዴ?"

"ሂድ። ስትመለስ ሱቅ የለም። ሱቅ ስንፈልግ ደግሞ ወንድምህ ቡና ይተክላል፣ ደግሞ ትሄዳለህ።"

"እና እንተወው?"

"ማማ! ዳቦና ኤርታይም!" አለ አንድ ደንበኛ። ዳቦውንና የስልክ ካርዱን ሰጥቼው ተመለስኩ። ተረከዜ ይነድዳል፤ ጠዋት እንደቆምኩ ነኝ።

"እንተወው" አልኩ።

ባለቤቴ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። አባቱ የተቀበሩት እዚያው ማሳ ራስጌ ነው። ቆይቶ ግን ስልኩን አውጥቶ "አንቺ ንገሪው፣ እኔ አልችልም" አለኝ።

ወንድሙ ገና ድምፄን ሲሰማ፣ "እታለም፣ ለክርክር ከሆነ እኔም ምስክር አለኝ!" አለ።

"ለክርክር አቅም የለኝም። ያንተ ይሁን። አባታችሁ ያረፉበትን ጥግ ግን እንዳትነካ።"

ተዘጋጅቶበት የነበረው ጠብ እጁ ላይ ቀረበት መሰለኝ። "እንዴት እነካለሁ" አለ። "ሰዉ እንደሆነ አሁንም 'የጆበርጓ መሬት' ነው የሚለው። ስምሽ አልለቅ ብሏል።"

ለባለቤቴ ነገርኩት። ባላባቱም የእንግሊዙ መሬት ለዘለቄታው ከተወሰደበት በኋላ እስኪሞት በዚያ መሬት ስም ይጠራ እንደነበር ጨመርኩለት።

"ስሙ ምን አደረገለት?"

"እንጃ። ግን መልሶ በመርከብ አላመላለሰውም።"

ባለቤቴ ከረጢቶቹ ላይ ጋደም አለና በጠራራ ፀሐይ እንቅልፍ ወሰደው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ዳቦ መሸጤን ቀጠልኩ።