ልክሽ ነው

ልብስ ሰፊዋ በሃያ ዓመት የስፌት ሥራዋ ለደንበኛ ቁጥር ነግራ አታውቅም። ሜትሩን ታዞራለች፣ ቁጥሩን ደብተሯ ላይ ትጽፋለች፣ አፏን ትዘጋለች። ደንበኛዋ ወፍራ ከመጣች ከውስጥ የተረፈውን ስፌት ለቀቅ ታደርግና መስታወት ፊት አቁማ "ልክሽ ነው!" ትላታለች። ደስ ብሏት የሄደች ትመለሳለች፤ እውነቱ የተነገራት ግን ሌላ ሰፊ ትፈልጋለች። በዚህች ብልሃቷ ትኮራ ነበር።

ታናሽ እህቷን ያሳደገችው እሷው ናት። ልጅቷ ስታለቅስ ሰፈሩን ስለምትቀሰቅስ እናታቸው "ጥሩምባ" ብላ ነበር የምትጠራት። እናት አለፈች፤ ስሙ ግን እንደተጣበቀ ቀረ። ጥሩምባ ከስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጣ፣ የፔዳሉን ምት እየተከተለች ስትዘፍን አደገች። አንድ ቀን ሱሪ ለማሳጠር የመጣ የሙዚቃ አቀናባሪ ሰማትና ሱሪውን ረስቶ ስለ ልጅቷ ብቻ ሲያወራ ዋለ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁማት! በሦስት ዓመት ሁለት አልበም አወጣች፤ አንደኛው ዘፈኗ ለአሥራ አንድ ሳምንት ከአንደኝነት አልወረደም። ዝናዋ ቢገንም የመድረክ ልብሷን ከእህቷ ሌላ ማንም አልሰፋላትም።

ሁለተኛው አልበም በወጣ ሰሞን ልብስ ልትለካ መጣች።

"እትዬ፣ አንገቱ ጠበበኝ።"

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን አዞረች። ሠላሳ ሁለት የነበረው ሠላሳ ሦስት ተኩል ሆኗል።

"ወፍሬ ነው እንዴ?"

"ምን ልትወፍሪ! መች ትበያለሽና? ጨርቁ ነው የተሰበሰበው።" ለቀቅ አደረገችላት። "ይኸው፣ ልክሽ ነው።"

ወገቧን ስትለካው ግን ቀንሷል። ወገቧ እየቀነሰ አንገቷ ብቻ የሚጨምር ሴት በዕድሜዋ አላየችም፤ ደነገጠች። ነገር ግን ጥሩምባ ለኮንሰርት ጉዞዋ ሦስት ቀን ቀርቷታል፣ ማናጀሯ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፣ ልጅቷም እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም። ስትመለስ እነግራታለሁ ብላ ተወችው። ስትመለስ ደግሞ ሌላ ጉዞ ነበር።

ሠላሳ አራት ተኩል ሲደርስ ቆም ያለ ኮሌታ ሰፋችላት። ሠላሳ ስድስት ሲሆን ኮሌታው ላይ እጥፋት ጨመረች፤ የአንገቷ እብጠት ጨርሶ ከዓይን ተሰወረ። እንዲያውም ሴቱ ሁሉ "የጥሩምባ ኮሌታ ስፊልን" እያለ ሱቋን አጨናነቀው። መንገድ ላይ ያንን ኮሌታ ባየች ቁጥር ፊቷን ታዞራለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የሰው በሽታ ስለሚደብቅ ግን የተባለ ነገር አልሰማችም።

ቀጥሎ ድምጿ መጎርነን ጀመረ። ማናጀሩ እጁን አፋተገ። "ሰው ወዶታል! በሰለች እያሉ ነው። እንዲሁ ያቆይልን!"

አላቆየላቸውም። ለትልቁ ኮንሰርት ሲለማመዱ፣ ዘፈኑ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ጥሩምባ አፏን ከፈተች፤ ከትንፋሽ በቀር ምንም አልወጣም። ሙዚቀኞቹ ሳያውቁ ትንሽ ተጫወቱ። እሷ ዞር ብላ እህቷን ፈለገች።

በማግስቱ እህትማማቾቹ ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሟ ኮሌታውን በሁለት ጣቷ ዝቅ አድርጋ ስትዳብስ ቆየች።

"መቼ ጀመረሽ?"

"ይሄን ሳምንት መሰለኝ" አለች ጥሩምባ በተዘጋ ድምፅ። "ከዚያ በፊት ምንም የለም። ልብሴ እኮ ሁሌም ልኬ ነው።"

"የአንድ ሳምንት አይደለም። የዛሬ ዓመት ብትመጪ እብጠቱ ድምፅሽን ሳያሰጋ በቀዶ ጥገና ይወጣ ነበር። አሁን የድምፅሽን ነርቭ ይዞት ይሆናል፤ መዝፈንሽን እንጃ። በምን ፍጥነት እንዳደገ ባውቅ ይረዳኝ ነበር፤ ግን ማን ለክቶት!"

ልብስ ሰፊዋ ከቦርሳዋ ደብተሩን አወጣች። የአሥራ አራት ወር የአንገት ቁጥር ከነቀኑ ተጽፏል። ሐኪሟ አንብባ ቀና ብላ አየቻት። ጥሩምባ ደብተሩን ሳበችው፤ ጣቷ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ወረደ።

"እትዬ፣ ታውቂ ነበር?"

ልብስ ሰፊዋ አንገቷን ደፋች። እንባዋ ወረደ።

"እሺ፤ የዛሬውንም ለኪኝ" አለች ጥሩምባ። "ጮክ ብለሽ ንገሪኝ።"

ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ከራሷ አንገት አውርዳ በእህቷ አንገት አዞረች።

"ሠላሳ ዘጠኝ" አለች።