ቀይ ምልክት ያደረግኩበት ሃርድ ዲስክ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው። ልርሳው ብልም አልችልም፤ ጁምዓ በመጣ ቁጥር እናቴ ታስታውሰኛለች። ምን እንደምታስታውሰኝ ግን እሷም አታውቅም።

የምንኖረው ሐይቅ ከተማ ነው። ቤታችን ውስጥ እህቴ ዘሃራ ሳውዲ እያለች በካርጎ የላከችው ዴስክቶፕ ኮምፒውተር አለ። እዚያ ውስጥ የአባቴ መንዙማ አለ። በሕይወት እያለ በስልኬ ቀድቼው ነበር። እሱ ሞተ፣ ስልኩም ጠፋ፣ ድምፁ ኮምፒውተሩ ላይ ብቻ ቀረ። እናቴ ጁምዓ ጁምዓ እሱን ካልሰማች ምሳ አይበላላትም።

ኮምፒውተሩ ግን መንቀርፈፍ ጀመረ። እስኪከፈት ልብስ አጥበህ ታሰጣለህ። ቀጥሎ ውስጡ ቀጭ ቀጭ ይል ጀመር። የሚያውቁ ሰዎች "ሃርድ ዲስኩ ሊሞት ነው፤ ሳይብስበት ኤስኤስዲ የሚባለውን አዲሱን ማስቀመጫ ግዛና ያለውን አስገልብጥ" አሉኝ።

እኔ ደግሞ ነጋዴ አላምንም። አንዴ አዲስ ነው ተብሎ የተሸጠልኝ ስልክ ሲከፈት ውስጡ የተጠጋገነ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሌባ ነው ብዬ ነው ከቤት የምወጣው።

መጀመሪያ እዚሁ ሐይቅ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ "ሁለት ቴራ፣ የዱባይ ኦርጅናል! ለአንተ ስለሆነ ነው በዚህ ዋጋ" አለኝ።

"ታውቀኛለህ እንዴ?"

"ኧረ አላውቅህም።"

"ታዲያ ለእኔ ስለሆነ ምንድን ነው?"

ዕቃውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነቀነቅኩት። የሆነ ነገር ተንኳኳ። ፌኩ ውስጥ ሚሞሪ ካርድ ከተው፣ እንዲከብድ ደግሞ ቁራጭ ብረት ይጨምሩበታል ሲባል ሰምቻለሁ። "ይሄን ለቁራሌው ስጠው" ብዬው ወጣሁ።

ውጫሌ ከተማ ሰይድ የሚባል ጎበዝ ጠጋኝ አለ አሉኝ። ጠጋኝ ደግሞ ዕቃ ይቀይራል። ስለዚህ ከመሄዴ በፊት የኮምፒውተሩን ጎን ፈታሁና ከውስጥ ትልቁን ነጭ ብረት፣ ሃርድ ዲስኩን፣ በዘሃራ ቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግኩበት። በል አሁን ቀይራት! ዘግቼ፣ ጭኔ ላይ አድርጌ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ሰይድ ሲያወራ ቀና አይልም። እሱ ራሱ አላማረኝም። ኮምፒውተሩ ውስጥ ምን እንዳለና ሌላ ቅጂ እንደሌለኝ ነገርኩትና "የቱ ይሻለኛል?" አልኩት።

"መንዙማና ፎቶ ብቻ ከሆነ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ጊጋው ይበቃሃል።"

"አንድ ቴራስ የለህም?"

"አለኝ። ምን ልትጨምርበት?"

ትልቅ ያለው ነጋዴ ትንሹን ውሰድ ሲልህ አትጠረጥርም? እኔ ጠረጠርኩ። "ትልቁን ለማን ደብቀህ ነው?"

"ለሚያስፈልገው" አለ። "ሃርድህ ታሟል፤ ሲገለበጥ ሰዓት ይፈጃል። ከዐስር ሶላት በኋላ ና።"

የት እሄዳለሁ? ፊት ለፊት ካለው ሻይ ቤት ተቀምጬ በሩን ስጠብቅ ዋልኩ። አንድ ሰውዬ ጥቁር ፌስታል ይዞ ሲወጣ፣ በቃ ሄደች የአባቴ ድምፅ ብዬ እስከ ባጃጁ ተከተልኩት። "ምን ፈለግህ?" ብሎ ፌስታሉን ከፍቶ አሳየኝ። ቻርጀር ነው።

ከዐስር በኋላ ገባሁ። ኮምፒውተሩ ዐይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ተከፈተ። እኔ ግን እሱን አላየሁም። ሰይድ "አሮጌው ይኸው" ብሎ የሰጠኝን ሃርድ ዲስክ ነው ያየሁት። ከቀባሁት ያነሰ ነው። ቀይ የሚባል ነገር የለበትም።

"ይሄ የእኔ አይደለም!"

"ያንተ ነው።"

"ሌባ! የአባቴን ድምፅ ለማን ሸጥከው?"

ጩኸቴን ሰምተው ባጃጅ ነጂዎች ተሰበሰቡ። አንድ ሽማግሌ "ቀስ በል ልጄ" አሉኝ።

"አባቴ፣ እርስዎ አያውቁም! ቀይ ቀለም ቀብቼበት ነው የመጣሁት!"

ሰይድ የኮምፒውተሩን ጎን ከፈተና "ይሄን ነው የቀባኸው?" አለኝ። ቀዩ ቀለሜ እዚያው አለ።

"አዎ! እሱ ነው!"

ከፊት ያለችውን ቁልፍ ተጫነ። ከቀባሁት ብረት ውስጥ የሲዲ ማስገቢያው ሸርተት ብሎ ወጣ። ምላሱን ያወጣብኝ ነው የመሰለኝ። ቤት ሲዲ አስገብተንበት አናውቅም፤ እኔ በምን ልወቅ?

"ጀግናው፣ ሲዲ ማጫወቻህን አጥብቀህ ያዝ፣ እንዳይሰርቁህ!" አለ አንዱ ባጃጅ ነጂ። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ።

ያኔ ሰይድ የአባቴን መንዙማ ከፈተው። ሳቁ ቀጥ አለ። ሽማግሌው "አላህ ይርሐመው" አሉ።

"ሦስት ጊዜ እየተቋረጠብኝ ነው የገለበጥኩት" አለኝ ሰይድ። "ምሳ አልበላሁም። ሌላ ቅጂ የለኝም ስላልከኝ በፍላሽም አድርጌልሃለሁ።"

ሰዉ ሲበተን ጠጋ ብዬ "አፉ በለኝ" አልኩት።

"አፉ ብያለሁ" አለ፤ አሁንም ቀና አላለም። "ግን ሌባ ያልከኝ በሰው ፊት ነው። አፉ በለኝ ያልከኝ በጆሮዬ ነው።"

ሒሳቡን ከፍዬ ኮምፒውተሬን ታቅፌ ወጣሁ።

አሁን እናቴ ጁምዓ መንዙማውን ሰምታ ስትጨርስ ለሰይድ ዱዓ ታደርጋለች። "እጁን አላህ ይጠብቀው። ያን ልጅ አምጣልኝና ልመርቀው" ትለኛለች። "ሥራ ይበዛበታል" እላታለሁ። አሚን የምላት ግን ቀና ሳልል ነው።

ነጋዴ ማመን አልጀመርኩም፤ ዕቃ አሁንም ጆሮዬ ላይ አድርጌ እነቀንቃለሁ። ሰይድ ግን ሌባ አይደለም፤ ይሄን በሰው ፊት ጽፌዋለሁ። ያን ቀን የነበራችሁ ባጃጅ ነጂዎች፣ በእኔ እንደፈለጋችሁ ሳቁ፤ ሌባ ስለው የሰማችሁ ይሄንንም ስሙልኝ።

እናቴ ማንበብ አትችልም። ይሄን ለእሷ ራሴ ነኝ የማነብላት።